ከአንድ ጣቃ

ለቤተሰብ ፎቶ የሚዘጋጅ ወላጅ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ቀለም እንልበስ?» ብሎ ነው። በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ሦስተኛ ቢሆን ይሻላል። አንደኛው «ፎቶው ውስጥ እነማን ይቆማሉ?» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ጨርቁ ምንድን ነው?» የሚለው። እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ ቀለሙ ብዙም አያስቸግርም። ሁለቱን የዘለለ ግን ሽሮ ሜዳን ከላይ እስከ ታች ሲዞር ቢውልም፣ ሱቅ ለሱቅ ቀለም ቢያመሳስልም፣ ፎቶው ሲወጣ አንድ ነገር ይጎረብጠዋል። ምን እንደሆነም ለይቶ አያውቀውም።

የወላጆቻችን ዘመን ይህን ሁሉ ጣጣ በቀላሉ ይገላገለው ነበር። ዓመት በዓል ሲቀርብ እናት መርካቶ ትወርድና ከአንድ ጣቃ በሜትር ታስለካለች፤ ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊው። ለሴቶቹ ቀሚስ፣ ለወንዱ ሸሚዝ፣ ከተረፈው ቁራጭ ለትንሿ አጭር ቀሚስ ይወጣል። ጨርቁ አንድ ላይ ሲገዛ ይረክሳል፤ «የእሷ ይበልጣል» የሚል ጠብም አይነሳም። ልኩ ሁልጊዜ ሰፋ፣ ረዘም ተደርጎ ነው፤ «ያድግበታል» ይባላል። ስለዚህ በፎቶ ቤቱ መጋረጃ ፊት፣ ከፕላስቲክ አበባው አጠገብ የተደረደሩት ልጆች እጅጌያቸው ጣታቸውን ሸፍኖ፣ የትከሻቸው ስፌት ክንዳቸው ላይ ወርዶ ይታያሉ። የዚህ ዘዴ ዋና ተጎጂ የመጨረሻዋ ልጅ ነበረች። ከአንድ ጣቃ የተሰፉ ሦስት ቀሚሶች በልክ ተራ ይደርሷታል፤ መጀመሪያ የራሷን፣ ቀጥሎ የመካከለኛዋን፣ በመጨረሻ የታላቋን ትለብሳለች። አልበሙን ያገላበጠ ሰው ልጅቷ ስታድግ ቀሚሷም አብሯት ያደገ ይመስለዋል።

እንዲህ ያለው ፎቶ አንድ ነገር አጥብቆ ይናገራል፤ የአንድ ቤት ልጆች ነን ይላል። ይህን ለማለት ከዚህ የፈጠነ መንገድ የለም፤ ምክንያቱም ዓይን የሚመሳሰሉ ነገሮችን ካየ ሳይጠየቅ አንድ ላይ ያቧድናል። የሥነ ልቦና ሊቁ ማክስ ቨርትሃይመር እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ጥናት ይህን ያሳየው በተራ ነጠብጣቦች ነበር። እኩል ተራርቀው ከተደረደሩ ነጠብጣቦች ግማሾቹን ቀለማቸውን ብትለውጡ፣ ተመልካቹ ወዲያው ሁለት ቡድን ያያል። ርቀቱ አልተለወጠም፤ ቡድኑን የፈጠረው መመሳሰሉ ብቻ ነው።

በቤተሰብ ፎቶ ላይ ይህ ሕግ ከሚረዳው ይልቅ የሚያበላሸው ይበዛል። ልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ለብሰው ወላጆቹ ሌላ ከለበሱ፣ ፎቶው የመምህርና የተማሪዎች ይመስላል። ሴቶቹ ልጆች በቀይ ጥለት፣ ወንዶቹ በሰማያዊ ከሆኑ ቤተሰቡ በጾታ መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ ኒኮላይ አራት ሴቶች ልጆች ፎቶዎች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። በቤተ መንግሥቱ ኦልጋና ታቲያና «ትልቁ ጥንድ»፣ ማሪያና አናስታሲያ «ትንሹ ጥንድ» ይባሉ ነበር፤ ልብሳቸውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ጥንድነት ይመሳሰል ነበር። ማንነታቸውን የማያውቅ ሰው እንኳ እንደዚያ ለብሰው የተነሱበትን ፎቶ ሲያይ ማን ከማን ጋር እንደሚውል ወዲያው ይገምታል።

አንደኛውን ጥያቄ ያስቀደምኩት ለዚህ ነው። በእኛ ቤቶች ቤተሰብ ሲባል አባት፣ እናትና የወለዷቸው ልጆች ብቻ ማለት አይደለም። ከገጠር መጥታ የምትማር የእህት ልጅ አለች። ወላጆቹን ያጣ የአጎት ልጅ አለ። ከመጀመሪያ ትዳር የመጣ ልጅ አለ። ልጆቹን አዝላ ያሳደገች ሠራተኛም አለች። የበዓል ልብስ ሲታዘዝ «ለልጆቹ» ይባላል፤ ሦስት ልጆች ተለክተው ሦስት ልብስ ይመጣል። በፎቶው ቀን ደግሞ «አንቺም ነይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ተብላ የተጠራችው የእህት ልጅ የትምህርት ቤት ሹራቧን እንደለበሰች ጫፍ ላይ ትቆማለች። ማንም ክፉ አላሰበም። አብራ በልታለች፣ አብራ ተጫውታለች፤ በአዘቦቱ ቀን ልዩነት የለም። ፎቶው ግን የአዘቦቱን ቀን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ሦስት ነጭና አንድ ሹራብ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን ፎቶ የሚያየው የልጅ ልጅም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ብሎ ነው። ልጅቷ ራሷ ጥያቄውን ከዚያ በጣም ቀድማ ጠይቃዋለች።

በዚህ ላይ አቋሜ ጠበቅ ያለ ነው። ለአራተኛው ልጅ ገንዘቡ ካልበቃ ለሦስቱም አይታዘዝ። ሁሉም ካላቸው ልብስ ነጭ ነጩን መርጠው ይልበሱ፤ ገንዘቡ ለአራት ነጠላ ከበቃ ለአራቱም ነጠላ ይገዛ። ወይም ጥለቱን ብቻ ለይቶ አሠርቶ፣ በየልጁ ነጭ ሸሚዝና ቀሚስ አንገት ላይ ማስተከል ይቻላል። ልብስ ሰፊ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው፤ ከፎቶ ላይ ሲታይም ከሙሉ ልብስ እምብዛም አይለይም። ልጆቹን ያሳደገችው ሠራተኛ ፎቶው ውስጥ መግባት ትፈልግ እንደሆነ አስቀድሞ ትጠየቅ። የምትገባ ከሆነ ሽርጧን አውልቃ፣ ለበዓል የምትለብሰውን ለብሳ ነው፤ በድንገት ከወጥ ቤት ተጠርታ እጇን እየጠረገች አይደለም።

አሁን ወደ ጨርቁ። በዚህ ጉዳይ የኢትዮጵያ ሸማኔ የቤተሰብ ፎቶ ሳይኖር ገና መላውን አዘጋጅቶ ቆይቶናል። በአገር ልብስ ላይ ሰፋ ያለው መደብ ነጭ ነው፤ ቀለሙ ያለው ጥለቱ ላይ ነው። መደቡ ሁሉንም ያገናኛል፤ ጥለቱ እያንዳንዱን ይለያል። አምስት ሰው አምስት የተለያየ ጥለት ቢለብስ እንኳ ነጩ አንድ ያደርጋቸዋል፤ አምስቱም አንድ ጥለት ቢለብሱ ደግሞ የአንገቱ ቅርጽ፣ የቀሚሱ አቆራረጥ፣ የእጀ ጠባቡ ርዝመት ይለያቸዋል። ሌሎች አገሮች ለልጆች ፎቶ ወደዚህ መላ የደረሱት በሌላ መንገድ ነው። ሠዓሊው ቪንተርሃልተር እ.ኤ.አ. በ1846 አምስት ዓመት ያልሞላውን የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ፣ ኋላ ኤድዋርድ ሰባተኛ የሆነውን፣ በነጭ የመርከበኛ ልብስ ሣለው፤ አንገቱ ዙሪያ ሰፊ ሰማያዊ ኮሌታ ነበረው። ከዚያ በኋላ የመርከበኛ ልብስ በአውሮፓ የልጆች የክት ልብስ ሆኖ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆየ። ነጭ መደብ፣ ከፊት አጠገብ ቀለም ያለው ጠርዝ፤ ዓይን ቀለሙን ይከተልና ፊት ላይ ያርፋል። የእኛ አንገትጌ ጥለትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ችግሩ ነጭ አንድ አለመሆኑ ላይ ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወተት የመሰለ፣ ወደ ክሬም የሚያደላ ነጭ አለው። የፋብሪካው ጨርቅ፣ በተለይ ሰው ሠራሹ፣ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ይህን ሰማያዊነት የሚሰጡት ጨርቁ ሲመረት የሚገቡበት፣ በዱቄት ሳሙና ውስጥም ያሉ ማንጫ ኬሚካሎች ናቸው፤ ዓይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ተቀብለው ሰማያዊ ብርሃን አድርገው ይመልሱታል። ለየብቻቸው ሲታዩ ሁለቱም ያማረ ነጭ ናቸው። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ፈትሉ ያልታጠበ ይመስላል። እናትየዋ የጥንት የፈትል ቀሚሷን፣ ልጆቹ አዲስ ሽፎን ለብሰው ፀሐይ ላይ ሲወጡ፣ በዋጋም በሥራም የሚበልጠው የእናት ልብስ አሮጌ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ምርጫው ሁሉም ፈትል፣ ወይም ሁሉም የፋብሪካ መሆን አለበት። መቀላቀል ግዴታ ከሆነ ደግሞ ፈትሉን ለሕፃናቱ ስጡ። ለቆዳም ይለሰልሳል፣ ሕፃን ላይ ክሬም ነጭ ማንም «ቆሽሿል» አይለውም።

ቀለምን በተመለከተ ሱቅ ውስጥ የተመሳሰለ ሁሉ ደጅ ላይ አይመሳሰልም። ሁለት አረንጓዴ ክሮች በተለያየ ማቅለሚያ የተነከሩ ከሆኑ፣ በአምፖል ብርሃን አንድ መስለው በፀሐይ ብርሃን አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ቢጫ ሊያደላ ይችላል። ይህ የዓይን ጉድለት አይደለም፤ አምፖሉ የሌሉት ቀለማት በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ስላሉ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። «ወንድሜ፣ እስቲ ሁለቱን ደጅ አውጥቼ ልያቸው» ብሎ መውጣት ነው። ባለ ሱቁ ለምዶታል፤ የማይፈቅድ ከሆነ ምክንያት አለው።

ከዚህም የሚሻለው ሁሉንም ከአንድ ሸማኔ፣ በአንድ ጊዜ ማዘዝ ነው። ክር በየነከራው ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ ዘንድሮ ለታላቋ የተሠራው ወርቃማ ጥለት ለከርሞ ለታናሽዋ ሲሠራ በስም ያው፣ በመልክ ሌላ ሆኖ ይመጣል። ሲታዘዝ ደግሞ የጥለቱ ስፋት ለየልጁ ይነገር። በትልቅ ሰው ልክ የተሠራ ጥለት የሦስት ዓመት ልጅ ላይ ሲሰፋ ከአገጭ እስከ እምብርት ይሸፍናታል፤ ከፎቶው ላይ ልጅቷ ጠፍታ ጥለቱ ብቻ ይቀራል። ያው ንድፍ በግማሽ ስፋት ሲሠራ ግን የእናቱ ጥለት ልጅ ይሆናል፤ ሸማኔዎቹም አስቀድሞ ከተነገራቸው ይህን በደንብ ያውቁበታል። ከመስከረምና ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት ሥራ ስለሚደራረብባቸው፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር ትዕዛዝ ቀደም ብሎ መድረስ አለበት። «ለእንቁጣጣሽ» ብሎ ጳጉሜን ላይ የሚመጣ ሰው ከተሰቀለው ውስጥ መርጦ ይሄዳል።

ነጭ ልብስና ካሜራ የቆየ ጠብ አላቸው። ካሜራ ብርሃንን የሚለካው ፊቱ ያለው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ገምቶ ነው። አራት ልጅ በነጭ ለብሶ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጠቁራል፤ ልብሱ ግራጫ፣ ፊቱ ጥላ ይሆናል። የዛሬ ስልኮች ፊትን ለይተው ስለሚያውቁ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ ለፊት ብለው ብርሃኑን ይጨምሩና ነጩ ይቃጠላል፤ ነጠላው የሸመና መስመሩን አጥቶ የወረቀት ቁራጭ ይሆናል። ጠይም ፊትና ነጭ ጥጥ በቀትር ፀሐይ አብረው በደንብ አይወጡም። የአዲስ አበባ ቀትር ደግሞ ለዚህ ክፉ ነው፤ ፀሐይዋ ከአናት ትወርዳለች፤ የዓይን ጉድጓድ ሁሉ ጥቁር ይሆናል።

የሚያዋጣው ጥላ ነው። የቤት በረንዳ፣ የዛፍ ጥላ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፤ ሰማዩ ለፊት እየታየ ፀሐይ በቀጥታ የማትነካው ቦታ። ጊዜው ከተቻለ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ። ሣር ላይ መቀመጥ ያምራል፣ ግን ሣሩ አረንጓዴውን በነጩ ላይ ይረጫል፤ በተለይ ታች የተቀመጡት ሕፃናት አገጫቸው ሥር የታመሙ ይመስላሉ። ደማቅ ቀይ ሸሚዝ የለበሰ አባት ሕፃን ሲያቅፍም እንዲሁ ነው። የልጁ ጉንጭ የአባቱን ሸሚዝ ቀለም ይቀበላል።

የልብሱ ጠብ ከካሜራው ጋር ብቻ አልነበረም፤ ምስሉ ከሚቀረጽበት ነገርም ጋር ነበር። በፊልም ፈንታ ያገለገሉት የመጀመሪያዎቹ የፎቶ መስታወቶች የሚያዩት ሰማያዊ ብርሃንን ነበር፤ ቀይ ለእነሱ ጨለማ ነው። ሄርማን ቮግል የተባለው የጀርመን ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1873 በማቅለሚያ ተጠቅሞ እይታቸውን ወደ አረንጓዴ ማስፋት እንደሚቻል አገኘ፤ ቀይን ጭምር የሚያዩ መስታወቶች ለገበያ የቀረቡት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። በምኒልክ ዘመን በተነሱ ፎቶዎች ላይ የጃኖው ቀይ ጥለት ጥቁር ሰቅ ሆኖ የሚታየው በዚህ የተነሳ ነው። ቤድሮስ ቦያጂያንን የመሰሉ አርመን ፎቶ አንሺዎች ቤተ መንግሥት ገብተው መኳንንቱን ሲያነሱ፣ የልብሱን ቀለም መስታወቱ እንደፈለገ ይተረጉመው ነበር።  የድሮ የቤተሰብ ፎቶ ያለው ሰው አያቱ «ጥቁር ጥለት» ለብሳለች ብሎ ከመደምደሙ በፊት ይህን ያስብ።

የቀለም ፊልም ሲመጣም ነገሩ አልቀለለም። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ባለሙያዎቹ ካርዱን «ሸርሊ» ይሉት ነበር። የእሷ ቆዳ ትክክል ከወጣ ፎቶው ትክክል ነው ተባለ። ኩባንያው ጥቁርና ቡናማ ቀለማትን አጥርቶ የሚያሳይ ፊልም ለመሥራት የተነሳው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች «ዕቃችን አይለይም» ብለው ካማረሩ በኋላ መሆኑ በኋላ ላይ በጥናት ተጽፏል። የእኛ ወላጆች በዚያ ፊልም፣ በነጭ ልብስ፣ በፍላሽ ብርሃን ነው የተነሱት። አልበማቸው ውስጥ ቀሚሱ አብርቶ ፊቱ ያልለየባቸው ፎቶዎች ቢበዙ የፎቶ አንሺው ጥፋት ብቻ አይደለም።

የሚያብረቀርቅ ክር ያለው ጥለትም ለፍላሽ አይመችም፤ ፍላሹን መልሶ ይተፋዋል። በጣም ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ በዲጂታል ካሜራ ላይ የሚርመሰመስ ሞገድ ይፈጥራል። ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ደግሞ ሰው ፊት ከማየቱ በፊት ያነበዋል። ስለነዚህ ሌላ የሚባል የለም።

ጨርቁንም ብርሃኑንም ካስተካከልን በኋላ ልጁ ይቀራል። ልጅ ደግሞ ለመልኩ ብሎ አይቸገርም። ከአንገት በታች የሚወርደው ጥለት ውስጡ ሻካራ ነው፤ ክሩ ያለቀበት ጫፍ አንገት ላይ ይወጋል። «እማዬ ይበላኛል» ያለ ልጅ ፎቶው እስኪነሳ ድረስ አንገቱን ያክካል፤ ስለዚህ በአሥሩም ፎቶ ላይ አንድ እጁ አንገቱ ላይ ነው። ከሥር ስስ የጥጥ ካናቴራ ማልበስ ወይም የጥለቱን ውስጥ በለስላሳ ጨርቅ ማስለበድ ይህን ያስቀራል። ልብሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለበሰው በፎቶው ቀን መሆን የለበትም፤ ከቀናት በፊት ቤት ውስጥ ጥቂት ሰዓት ለብሶት ይጫወትበት፣ የሚወጋው የት እንደሆነ ያኔ ይታወቃል። ልኩም ያኔ ይታያል። በዚህ አንድ ነገር ላይ ከእናቶቻችን እለያለሁ፤ የፎቶ ልብስ ለዛሬ ልክ መሆን አለበት። «ያድግበታል» የሚባለውን ከታች እጥፋት አስትቶ በኋላ በማስረዘም መፍታት ይቻላል፤ ትከሻው ግን ሰፍቶ ከተሰፋ ልጁ የሰው ልብስ የለበሰ ይመስላል።

የሴት ልጅ ሹሩባ በዋዜማው ማታ ከተሠራ በማግሥቱ ጠዋት ሕመሙ ገና ነው፤ ጠብቆ የተሠራ ከሆነ ግንባሯ ተወጥሮ፣ ቅንድቧ ከፍ ብሎ የደነገጠች ትመስላለች። ሁለት ቀን አስቀድሞ ቢሠራ ይላላል። ጫማ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው፤ ሁሉም ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አምሮ፣ ከታች አንዱ ሲረግጥ የሚበራ ስኒከር አድርጎ ይቆማል። ጫማ ካልተገኘ ፎቶው ከጉልበት በላይ ይነሳ፣ ወይም ልጆቹ ሁሉ ባዶ እግራቸውን ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ።

ከሁሉም በላይ ግን ሰዓቱ፤ ከዶሮው በፊት መሆን አለበት። ቀይ ወጥ ነጭ ፈትል ላይ ካረፈ በኋላ በቀላሉ አይለቅም። የፋሲካ ጠዋት ላይ ሌሊቱን ያልተኛና የራበውን ልጅ «ፈገግ በል» ማለት ደግሞ ግፍ ነው። ድፎ ዳቦ ይሰጠው። ፍርፋሪው ይራገፋል።

ውጭ አገር ላሉ ቤተሰቦች ችግሩ በርቀት ይከብዳል። ዋሽንግተንና አካባቢው ያለች እናት የልጆቿን ልክ በቴሌግራም ትልካለች፤ ልብሱ ይሠራል፤ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ይጠበቃል። ሻንጣው ሲደርስ ልጁ ሌላ ልጅ ሆኗል። ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ሰው ልኩን ሲልክ የሚለበስበትን ቀን ጨምሮ ይላክ፤ በማደግ ላይ ላለ ልጅ ርዝመቱ ከእጥፋት ጋር፣ እጅጌው ረዘም ተደርጎ ይሠራ። የገና ብርድም አለ፤ ታኅሣሥ 29 ላይ ከነጠላው በላይ ወፍራም ካፖርት ይደረባል፤ ሁሉም በቀለም በቀለሙ ካፖርት ሲለብስ የተለፋበት ነጭ ከሥር ይቀራል። ስለዚህ ካፖርቱም የፎቶው ልብስ አካል ነው፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ሆኖ ቢገጣጠም ነጠላው ከላይ ተጣጥፎ ሲደረብ ይታያል። በአሜሪካ ቤተሰቦች ዘንድ የተለመደው ሁሉም ነጭ ሸሚዝና ጂንስ የሚለብስበት ፎቶ በእኛም ቤቶች ገብቷል። ከሩቅ ሲታይ ያምራል፤ ግን ነጩም ሰማያዊውም ዝግጁ ሆኖ ስለሚገኝ ማንም ምንም አልመረጠም፤ የማን ቤተሰብ እንደሆነም ልብሱ አይናገርም።

በቤሩት ወይም በዱባይ የምትሠራ እናት ነገር ደግሞ የተለየ ነው። ልብሱን የምትመርጠው እሷ ናት፤ የምታለብሰው ግን አያት ናት። ልጆቿን የምታስባቸው ስትለያቸው በነበራቸው ቁመት ነው፤ ስለዚህ ጫማው ይጠባል፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። ከዚያ ልጆቹ ለብሰው ተነስተው ፎቶው ይላክላታል፤ የዕቃው ደረሰኝ ነው። እንዲህ ላለ ቤት የምመክረው አንድ ነገር ነው። አያት ልብሱ ከመገዛቱ በፊት የእያንዳንዱን ልጅ እግር ወረቀት ላይ አስቁመው ዙሪያውን በእርሳስ ይሣሉት፤ ቁመቱንም በክር ይለኩ፤ ሁለቱም ፎቶ ተነስተው ይላኩ። ልብሱ ልክ ይሆናል። እናትየዋም የእግሩን መጠን ታያለች።

አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በዚህ ሁሉ ላይ «አልለብስም» ይላል። በአብዛኛው የሚጠላው ልብሱን አይደለም፤ የስድስት ዓመት ታናሹን መስሎ መታየቱን ነው። ጥለቱን ማስገደድ፣ ቅርጹን ለእሱ መተው ጥሩ መካከለኛ ነው። እጀ ጠባቡን ትቶ ያው ጥለት ጠርዙ ላይ ያለበት ሰደርያ በነጭ ሸሚዝ ላይ ቢደርብ፣ ሴት ልጅ ከሆነችም ቀሚሱን ትታ ያንኑ ጥለት በጂንስ ላይ በሚለበስ አጭር ሸሚዝ ብታሠራው ቤተሰብነቱ አይጠፋም። ቀለሙ ላይም አስተያየት ይጠየቁ፤ ሁለት አማራጭ፣ ከሁለት አይበልጥም።

ያም ሆኖ የአርሰናል ማልያ ካልለበስኩ የሚል አይጠፋም። ይልበስ። መጀመሪያ ሁሉም ነጩን ለብሰው ጥላ ሥር ይቁሙና ይነሱ፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ ተሰጥቷቸው ሁሉም የወደደውን ለብሶ ይምጣ፣ ትንሿ የልዕልት ቀሚሷን፣ እሱ ማልያውን፣ አባትም ከፈለገ ቱታውን። እዚያው ቦታ፣ እዚያው ተራ ይነሱ። ሁለቱም ፎቶዎች ይታጠቡ፤ የትኛው ሳሎን እንደሚሰቀል ደግሞ ልጆቹ ድምፅ ይስጡበት።